ሁለት እስከቀሩ ድረስ

"አባባ፣ ነገ ማለዳ እሄዳለሁ በላት።"

ታላቅየዋ ይህን ስትሰማ ከግቢው ቧንቧ የቀዳችውን ባልዲ አንጠልጥላ አንድ እግሯን የበሩ ደፍ ላይ አሳርፋ ነበር። ታናሿ ከመጋረጃው ወዲያ አባታቸው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ታለብሰዋለች። አባትየው "እሺ" አለ። እሱ ሁልጊዜም እሺ ነው የሚለው። ደም ግፊት ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህ ከአንደበቱ ያልጠፋችው ቃል ይህች ብቻ ናት፤ ሲርበውም እሺ፣ ሲያመውም እሺ፣ ሲቆጣ ደግሞ እሺዋን ጠንከር ያደርጋታል። ታላቅየዋ ባልዲውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ገብታ "የት ነው የምትሄጂው?" ማለት ትችል ነበር። አልገባችም። ወደ ቧንቧው ተመልሳ እጇን ታጠበች፤ የታጠበውን እጇን እንደገና ታጠበች። ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው እየሳለች ገባች።

አንዲት ሴት ለእህቷ የምትለውን ለምን አፉ ለተያዘ ሽማግሌ ትነግራለች የሚል አይጠፋም። ሁለቱ ቤት ውስጥ ከተነጋገሩ ዓመት አልፏቸዋል። የጠቡ መነሻ አባታቸው ነው ማለት ይከብዳል፤ እሱ ምን አደረገ፣ ተኝቷል። አንድ እሑድ ታናሽየዋ "የአረጋውያን መጦሪያውን ጠይቄ ነበር፣ ቦታ አለ ብለውኛል" አለች። ታላቅየዋ አባቷን ከአልጋ ወደ ወንበር እያነሳች ወገቧ ከተጎዳ ቆይቷል፤ ቢሆንም "እኔ በሕይወት እያለሁ አባቴ የሰው ፊት አያይም" ብላ መለሰች። እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። ጨመረችበት እንጂ፦ "አንቺ ድሮም የምትፈልጊው መሄጃ ሰበብ ነው። እናታችንን የቀበርኩ እኔ፣ እሱንም የምቀብር እኔው ነኝ።" እናታቸው ስትሞት ታናሽየዋ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበረች፤ ምን እንድታደርግ ነበር? ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አባታቸው መልእክተኛ ሆኖ ቀረ። "አባባ፣ ሳሙና አልቋል በላት።" "እሺ።" "አባባ፣ የመብራቱን ባለፈው ወር የከፈልኩት እኔ ነኝ በላት።" "እሺ።" ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው እማማ መጀመሪያ ሰሞን በሳቅ ይሞቱ ነበር፣ በኋላ ለመዱት። እህትማማች ሲኳረፉ እንደ ባልና ሚስት አይደለም፤ ባልና ሚስት ቢያንስ ይፋታሉ። እነዚህ ግን ክፍሏ አንድ፣ አልጋቸው አንድ፣ ብርድ ልብሳቸው አንድ ነው። ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ይተኛሉ፤ ብርድ በበረታ ጊዜ እንቅልፍ እያመካኙ ይጠጋጋሉ፣ ሲነጋ ማንም ያንን አያነሳም።

ያን ቀን ጠዋትም እንደ ወትሮው ሆነ። ታላቅየዋ አባቷን አጠበች፣ ፂሙን ላጨች፣ የአዋቂ ዳይፐሩን ቀየረች። የዳይፐሩ ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው በእጥፍ ስለጨመረ ማታ ማታ ብቻ ነበር የሚያደርጉለት፤ ዛሬ ሁለቱም እስኪመሽ ስለማይመለሱ ግን ቀንም ይደረግለት ተባለ፣ በእሱው በኩል። ታናሽየዋ አጠገባቸው ቆማ ፎጣ አቀበለች። ታላቅየዋ ፎጣውን ስትቀበል የእህቷን እጅ አየች፤ ከአልጋው ስር የወጣ አዲስ ሻንጣ ካለ ብላም በዓይኗ ፈለገች። አልነበረም። ላትሄድ ትችላለች ብላ ተጽናናች። ወዲያው ደግሞ መጋረጃው ላይ ሁልጊዜ ተሰቅሎ የሚውለው የእህቷ ቡናማ ካፖርት እንደሌለ አስተዋለች። "ምሳህን እማማ ያበሉሃል፣ አባባ። ዛሬ ጨዋታ አለብን" አለችው። "እሺ" አለ።

የሚሠሩት ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ ከምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ። ከበሩ ገና ሲገባ የበረኪና ሽታ ዓይን ያቃጥላል፣ ትልልቆቹ ማሽኖች ወለሉን ያንቀጠቅጡታል። ደም የነካው አንሶላ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ወደ ሙቁ፣ ከዚያ መጭመቂያ፣ ማድረቂያ፣ ካውያ። መጨረሻ ላይ ማጠፊያው ጠረጴዛ አለ፤ እህትማማቾቹ ለዓመታት በጥንድ የሚሠሩት እዚያ ነው። አንዷ ሁለት ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋ ሁለት ጫፍ። ይወጥሩታል፣ ያራግፉታል፣ ይቀራረባሉ፣ የአንዷ እጅ ጫፉን ለሌላዋ እጅ ያስረክባል። ሕጉ አንድ ነው፤ የጓደኛሽ ጣት ጨርቁን እስኪይዝ ድረስ አትለቂም። አንሶላ መሬት ከነካ ተመልሶ ይታጠባል። ስለዚህ የእጥበት ቤት ሴት እጇ ጨርቅ ሲያልፍበት ራሱን ችሎ ይጨብጣል፤ ልጆቻቸው ሲሮጡ እንኳ በሸሚዛቸው ጫፍ ነው የሚይዟቸው። ያን ጠዋት ታላቅየዋ በያንዳንዱ አንሶላ ላይ ሲቀራረቡ "አሁን ትነግረኛለች" ትላለች፤ ታናሽየዋ ጫፉን ታስረክባለች፣ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ክምሩ ወገባቸው ደረሰ፣ ደረታቸው ደረሰ፣ አንዲት ቃል አልወጣችም።

በሠራተኞች ውድድር የማጠቢያ ቤቱ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ዘጠኝ ተጫዋቾች አሉት። ያን ቀን ግን ሁለት ክፍል ሙሉ አዲስ ታማሚ ስለገባ ኃላፊው ከአምስት በላይ አልለቅም አለ። አሠልጣኛቸው የካውያው ሠራተኛ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ "ጌታዬ፣ አምስት ሰው ብቻ ይዞ መግባት እኮ አደጋ አለው፤ አንዷ ብትወጣ የምትተካ የለም" ቢለው፣ ኃላፊው ቀና ሳይል "ኳስ አንሶላ አያጥብም" አለ። ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ቀልድ የተናገረ መስሎት ፈገግም አለ። አምስቱ ወጡ። ታላቅየዋ በቁመቷና በትከሻዋ ቁም ሳጥን ትባላለች፤ ታናሽየዋ ፌንጣ። ሌሎቹ ሦስቱ አፏ የማያርፈው ራዲዮ፣ ተድራ ሦስት ልጅ ብትወልድም ስሙ ያልለቀቃት ሙሽራዋ፣ እና እንደ ወታደር የምትራመደው ሻምበል ናቸው። በአውቶቡስ ሲሄዱ ታናሽየዋ መስኮት ጋ፣ ታላቅየዋ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ከላይ ሆና የእህቷን የፀጉር ክፍል ታያለች። ዕድሜ ልኳን ስትሠራት የኖረችው ፀጉር ነው፤ አሁን ራሷ ነው የምትሠራው፣ ክፍሉ ትንሽ ተጣሟል።

አዳራሹ ጣሪያው የሚያፈስ የከተማው አዳራሽ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ባልዲ ተቀምጧል። ተጋጣሚዎቻቸው የመድን ድርጅቱ ልጆች አሥራ ሁለት ሆነው መጥተዋል፤ ማልያቸው አዲስ ነው፣ ለየራሳቸው የውሃ ኮዳ አላቸው፣ ተጠባባቂዎቻቸው ወንበሩን ሞልተውታል። የማጠቢያ ቤቱ ወንበር ላይ የተቀመጡት አሠልጣኙና አምስት ፌስታሎች ነበሩ። ራዲዮ ይህን አይታ "ጋሼ፣ ምናለ ፌስታሉን ማልያ ባለበስከው" አለች፤ ሳቁ። ታላቅየዋም ሳቀች። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልቧ የሚቀልላት ምክንያት ነበራት። ከተኳረፉ በኋላ በመጀመሪያው የልምምድ ጨዋታ አንዷ የሌላ ቡድን ልጅ ከጀርባዋ መጥታ ኳስ ልትነጥቃት ስትል ታናሽየዋ "እትዬ፣ ከኋላሽ!" ብላ ጮኸች። ኳስ አባባን አይጠብቅም። ከዚያ ወዲህ ከሜዳው መስመር ውስጥ እስካሉ ድረስ ይነጋገራሉ፦ "ወደኔ!"፣ "ግራሽን!"፣ "ጎሽ እትዬ!" ከመስመሩ ሲወጡ ያበቃል። ማንም አልደነገገውም፣ እንዲሁ ሆነ። ታላቅየዋ ለኳስ ፍቅር ኖሯት አያውቅም፤ ጉልበቷም እየከዳት ነው። በየሳምንቱ የምትመጣው እህቷ እትዬ ስትላት ለመስማት ነው። ዛሬ የምትሰማው ደግሞ የመጨረሻው ሊሆን ነው፤ ካልነገረቻት በቀር፣ ወይም እሷ ራሷ ካልጠየቀቻት በቀር።

በመጀመሪያው አጋማሽ ፌንጣ እንደ ስሟ ዘለለች፤ ብዙ ነጥብ ይዘው መሩ። ችግሩ እጃቸው ነበር። የመድን ድርጅቱ ልጆች ማልያ ሰፊ ነው፣ እየተውለበለበ ያልፋል፣ የእጥበት ቤት እጅ ደግሞ የሚያልፍ ጨርቅ አይምርም። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ ያዘች፣ አለ፤ ነፋ፣ ያዘች፣ አለ። አሠልጣኙ ከዳር ሆኖ "እጃችሁን አንሱ! አንሶላ አይደለችም!" እያለ ድምፁ ተዘጋ። ከእረፍት በኋላ ሙሽራዋ አምስተኛ ጥፋቷን ሠርታ ወጣች፤ አራት ቀሩ። ቀጥሎ ራዲዮ፣ ሦስት። ሻምበል አንዲትን ልጅ በማልያዋ ጀርባ ይዛ ወደ ኋላ ስትጎትታት አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ወጣች። የጠረጴዛው ሰውዬ አምስት ቁጥር ያለበትን ሰሌዳ ባነሳ ቁጥር የመድን ድርጅቱ አሠልጣኝ አንዷን አስወጥቶ ያረፈች ያስገባል።

ራዲዮ ከወንበሯ ተነስታ ዳኛው ፊት ቆመች። "ጌታው፣ በቴሌቪዥን አይቻለሁ እኮ! ሰው ካለቀ የወጣችው ትመለሳለች፣ ለሌላው ቡድን አንድ ቅጣት ይሰጣል፣ አለቀ!"

ዳኛው የስፖርት መምህር ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም። "እሱ የሌላ ውድድር ሕግ ነው፣ እህቴ" አለ። "በኛ አምስት የሞላባት አትመለስም። ተቀያሪ ከሌላችሁ በቀራችሁት ትጫወታላችሁ። ሁለት እስከቀሩ ድረስ ጨዋታው ይቀጥላል። አንድ ከሆነች ግን ቡድን አይባልም። እየመራችሁም ቢሆን ፎርፌ ነው፣ ሁለት ለዜሮ ተሸንፋችኋል ተብሎ ይጻፋል።"

ሜዳው ላይ የቀሩት ሁለቱ እህትማማቾች ነበሩ፤ በያንዳንዳቸው ላይ አራት አራት ጥፋት አለ።

ሁለት ሰው አምስት ሰው ፊት ቆሞ ምን ይጫወታል? ቆሞ ማየት ነው። አሠልጣኙ "አትንኳቸው፣ ያግቡ፣ ሰዓቱ ይሂድ" አላቸው። ታላቅየዋ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ከቅርጫቱ ስር ተተከለች፤ ልጆቹ በግራም በቀኝም እየዞሯት ያስገባሉ። ታናሽየዋ ኳሱን ስታገኝ ብቻዋን እየነዳች በሜዳው ዙሪያ ትሮጣለች፣ ሰዓት ለመግደል። "እጅሽን ወደ ላይ፣ እትዬ!" ትላለች። "ተያት፣ ትለፍ!" ትላለች ታላቅየዋ። ሲመሩበት የነበረው ልዩነት እየሟሸሸ ሄደ፤ ሆኖም ለታላቅየዋ የነጥቡ ነገር ከልቧ ወጥቶ ነበር። እህቷ ታወራታለች። ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ መስመሩ ውስጥ ናቸው፣ የሚሰማቸው የለም። ሰዓቱ ቢቆም ደስ ባላት።

የመድን ድርጅቱ ልጆች ታናሽየዋ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ስለተቀጡ ሁለት ነፃ ውርወራ አገኘች። አንዱን አስገባች፣ ሌላው ነጠረና ወጣ፤ ኳሱም ከመስመር አልፎ ወደ ወንበሮቹ ስር ተንከባለለ። ኳሱ እስኪመጣ እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ቆሙ። ታናሽየዋ ላቧን በክንዷ ጠረገች።

"ነገ ነው የምሄደው" አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

"ሰምቻለሁ።"

"መስማትሽን አውቃለሁ። የባልዲው እጀታ ሲወድቅ ሰማሁት። ትገቢያለሽ ብዬ የአባባን ካልሲ አውልቄ እንደገና አለበስኩት።"

"የት ነው?"

"ባሕር ዳርቻ ያለ ሆቴል። የማጠቢያው ኃላፊ አድርገን እንቀጥርሻለን ብለዋል። ካፖርቴንና ልብሴን ሻምበል ቤት አስቀምጫለሁ።" ኳሱ ወደ ገባበት ወንበሮቹ ስር አየች። "እስከ ዛሬ ማታ መልሱን ስጪን ነው ያሉኝ። ሂጂ ካልሽኝ እሄዳለሁ። ቅሪ ካልሽኝም... አንድ ነገር በይኝ ብቻ፣ እትዬ። ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሳናግር ከረምኩ።"

ዳኛው ኳሱን ይዞ መጣ። ታላቅየዋ አፏን ከፈተች። ቅሪ ማለት ፈለገች፤ ቃሏ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ግን ቅሪ ብላ ምን ልትሰጣት ነው? አንድ አልጋ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ከምድር ቤት የበረኪና ሽታ፣ ተራ በተራ የሚነሳ ሽማግሌ። የእሷ ዕድሜ ያለቀው እንዲህ ነው፤ የእህቷም ይለቅ? ሂጂ ልትል ደግሞ ስታስበው፣ ማታ ማታ ከጀርባዋ ባዶ የሚሆነው ቦታ ትዝ አላት። ሁለቱም ቃል እኩል ከበዳት። እኔ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለ እሱ እህት የለውም።

"ይቺ ኳስ ትለፍና" አለች።

ኳሷ አላለፈችም። የመድን ድርጅቱ ልጆች ከዳር አስገቡ፣ ተቀባበሉ፣ ከመካከላቸው ሰባት ቁጥር የለበሰችው ቀጭን ልጅ ታላቅየዋን በቀኟ ሰንጥቃ አለፈች። ብታገባ ምንም አልነበረም። በአንድ ነጥብ ነበር የሚመሩት፤ በአንድ ቢበለጡ፣ ቢሸነፉስ፣ ተሸንፎ የሞተ አለ? የቀረው ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ ሁለት ደቂቃ ደግሞ ለአንዲት ቃል ሰፊ ነው። ታላቅየዋ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። ሰፊው ማልያ ግን በጎኗ እየተውለበለበ ሲያልፍ እጇ ወርዶ ያዘው። የያዘው እጇ ነው፣ ልማድ ነው፣ ይባል። አለመልቀቁን ግን ምን እንበለው? ልጅቱ ቆመች፣ ፊሽካው ተነፋ፣ ታላቅየዋ ጨርቁን እንደጨበጠች ናት፤ ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ። ልጅቱ ደነገጠች፤ "ኧረ ልቀቂኝ፣ እትዬ" አለች በለስላሳ ድምፅ። ዳኛው መጥቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቸው።

የጠረጴዛው ሰውዬ አምስት ቁጥርን አነሳ። የመድን ድርጅቱ ልጆች መጨፈር ጀመሩና መሐል ላይ አፍረው ተዉት። ዳኛው ኳሱን በብብቱ ይዞ፣ ማንንም ላለማየት ይመስላል፣ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ጨዋታው ማለቁን ተናገረ። ታላቅየዋ መስመሩን ተሻግራ ወጣች። ታናሽየዋ ከዚያ ሁሉ ሜዳ መሐል ብቻዋን ቆማ ቀረች። እጆቿ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል፤ ገና የሚጠሯት፣ ገና ቀጥዪ የሚሏት ይመስል ወደ ዳኛው ትመለከታለች። አሠልጣኙ "ነይ ልጄ፣ አልቋል" ሲላት ነው የተንቀሳቀሰችው።

ወንበሩ ጋ ስትደርስ አልተቀመጠችም። ታላቅየዋ ፊት ቆመች። ፊቷ ላይ ላቡ ከእንባው አይለይም።

"ሁለት ደቂቃ እኮ ቀርቶን ነበር" አለች።

ራዲዮ ስለ ጨዋታው መስሏት "አይዞሽ ፌንጣዬ፣ የሚቀጥለው ዓመት የት ይሄዳል፣ እናሳያቸዋለን" እያለች ትከሻዋን ታሻሽ ጀመር። ሙሽራዋ ፌስታሎቹን መሰብሰብ ያዘች። ታላቅየዋ የራሷን መዳፍ እያየች ተቀምጣለች፤ መዳፏ ውስጥ የማልያው ሸካራነት አሁንም አለ። ከዚያ ቀና አለች።

"አትሂጂ" አለች።

በጣም ቀስ ብላ ነበር ያለችው፤ ከአጠገቧ ያለችው ሻምበል እንኳ አልሰማችም። ታናሽየዋ ግን ሰምታለች። ፎጣዋን አነሳች፣ ፊቷን ሸፈነች።

"አሁን ነው የምትይኝ?" አለች ከፎጣው ስር።

ታላቅየዋ እጇን ዘርግታ የፎጣውን ጫፍ ያዘች። ከበስተጀርባቸው የሚቀጥለው ጨዋታ ተጫዋቾች ቦርሳቸውን ይዘው መጥተው፣ ወንበሩን እስኪለቁላቸው በትሕትና ቆመው ይጠብቁ ነበር።